ከሦስተኛው ሳሙና ጀርባ

ቬልያ ባራ፣ መጋቢት 2 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.

እህት ዓለም ስሚልያ፣

ሰላምታውን የማስቀድመው እማ ስላዘዘችኝ ነው፤ እኔማ ብሆን ከጥይቱ እጀምር ነበር። "ደህና ናት ወይ? በደንብ ትበላለች ወይ? ብለህ ጠይቃት" ብላኛለች። እግሯ እንደተውሽው ነው፣ ከአልጋ አላነሳትም፤ አፏ ግን በእግሯም ፈንታ ይሄዳል። የላክሽላት ሻርፕ ደርሷታል። "ኦስትሪያ ውስጥ ሰው ሁሉ የአመድ መልክ ነው የሚለብሰው?" አለችና ትራሷ ሥር ሸጎጠችው። ወዳዋለች ማለት ነው።

ለአየር ጠመንጃዬ ለላክሽልኝ ጥይት እግዜር ይስጥልኝ። ጣሳዎቹ ሳይከፈቱ ገቡ፤ ጉምሩኮቹ ከረሜላ መስሏቸው ይሆናል። ለምን ቤት ውስጥ ትተኩሳለህ ላልሽው፣ ውጭ ነፋስ አለ፤ ነፋስ ላይ የተለካ ነገር ውሸት ነው። ቤታችን ደግሞ እንደ ባቡር ክፍሎቹ ተከታትለው የቆሙ ናቸው። ከማድ ቤት ሆኜ የሳሎኑን ግድግዳ ለማግኘት ሁለቱም በሮች መከፈት አለባቸው፣ መሐሉ ደግሞ የእማ ክፍል ነው። ጥይቱ በአልጋዋ ግርጌ በኩል ያልፋል። አትደንግጪ፣ እግሯን አይነካም፤ ቢነካትም አታውቀውም። ይህን ያለችው ራሷ ናት፣ ያውም እየሳቀች።

"አንተ ጉድ፣ አባትህ በአንድ ጥይት ጥንቸል ያመጣልኝ ነበር፣ አንተ በአንድ ጣሳ ጥይት ሳሙና ትገድላለህ" ትለኛለች። ግን ውጤቱን የምትጠይቀኝም እሷው ናት። ተኩሼ ሳልጨርስ "ስንት አለፈ?" ትላለች። "አንድ ተኩል" እላለሁ። "በል እንግዲህ በሩን ዝጋ፣ በረደኝ።"

በሳሙና የምለካው እንጨት ስለሚያታልል ነው፤ ቋጠሮ አለው። ወረቀት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። ሳሙና ግን ቀዳዳውን መልሶ አይደፍንም። እማ ከአሳማ ሞራ የቀቀለችው ቆጥ ላይ ከከረመ ልክ እንደ ደረቅ አይብ ነው። በተርታ አቆመዋለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ከዚያ በቢላ ለሁለት ስሰነጥቀው እርሳሱ የት እንደተኛ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። አፈ ጠፍጣፋው አንደኛው ውስጥ ቀረ። ድቡልቡሉ ሁለተኛው ወገብ ላይ ሞተ። መጠጥ ቤት ስቴቫ የሱ ጠመንጃ ሦስት ሳሙና እንደሚዘልቅ ሲፎክር ነው የሚያመሸው፤ እኔ ደግሞ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። እስቲ ከዚህ የሚብስ ጥይት ካለ ጠይቂልኝ።

እማ ደግሞ ይህን ጻፍ ብላኛለች። በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ በቀይ ክር ያሰረችው ሳሙና ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው። ላቬንደር የሚሉትን ሽታ ያለው አበባ ጨምራ ለብቻው የቀቀለችው፣ ለመጨረሻ ቀኗ መታጠቢያ ያስቀመጠችው። "የምታጥበኝ ስሚልያ ናት። ፔርካ እንዳትነካኝ፣ እጇ ሻካራ ነው። ልጅ ያላት ሴት በጎረቤት አትታጠብም" አለች። ለፋሲካ ትመጣለች ብዬ ነግሬያታለሁ፣ አታሳፍሪኝ።

ራዲቮይ

× (ይህ የእማ እጅ ነው። ብዕሩን ይዛ ስትታገል ወረቀቱን ቀደደችው።)


ሊንዝ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1986

ወንድም ዓለሜ ራጋ፣

እስቲ ይቅርታ አድርጉልኝ። ለፋሲካ አልመጣም። የልብስ ማጠቢያው አለቃ ፈቃድ ስጠኝ ስለው ሆስፒታሉን ላቃጥል የመጣሁ ይመስል ያየኛል። የበሽተኛ አንሶላ በዓል አያውቅም ይላል። ለእማ እንቁላል ስትቀባላት አንዱን በኔ ስም ቀይ አድርግላት፣ አንዱን ደግሞ ሰማያዊ፤ ሰማያዊ እንደምትወድ አልረሳሁም። ሻርፑ ግራጫ የሆነው ግራጫ ስለማይቆሽሽ ነው በላት። ሲበርዳት ታድርገው እንጂ ምን ብላ ትራስ ሥር ትደብቀዋለች?

ለእማ የምታነበው እዚህ ድረስ ነው። የቀረውን ለራስህ።

ከፖስታ ቤት ስትደውል ስልኩን ያነሳችው ልጅ አዲስ ናት። ደጋግማ ያዘነችልህ ከመሰለህ፣ የዚህ አገር ሰው በስልክ ሲያወራ እንዲያው ነው ድምፁ፤ ሌላ ነገር የለውም። የካቲት ላይ የት ጠፍተሽ ነበር ላልከው፣ የትም አልጠፋሁም። ሥራ ነበር፣ ትንሽም አሞኝ ነበር። በየጊዜው እየደወልክ ገንዘብህን አትጨርስ።

አዲስ ጥይት ልኬልሃለሁ። አፉ ሹል ነው። ባለ ሱቁ ከሁሉ ዘልቆ የሚገባው ይህ ነው ብሎ ማለልኝ፤ ለወንድሜ ሳሙና መምቻ ነው ስለው ሳቀ። በል ስቴቫን አፉን አስይዘው። ቆጥ ላይ ያለውን ሳሙና ሁሉ ጨርሰው፣ ግድ የለኝም፤ እኔ እዚህ በሳሙና ተከብቤ ነው የምውለው። በጨርቅ የታሰረውን ግን እንዳትነካብኝ። ራጋ፣ የምሬን ነው። ያ የኔ ሥራ ነው፣ እኔ ነኝ የምፈታው።

በመከር እመጣለሁ በላት። "በመከር" ስትላት ፊቷን እይና ጻፍልኝ።

እህትህ ስሚልያ


ቬልያ ባራ፣ ሰኔ 15 ቀን 1986

ስሚልያ፣

"እህት ዓለም" የምትለዋን ዛሬ ይቅርታ፣ ከእጄ አትወጣም።

ክርስታን፣ ሠራተኛ ወደ እናንተ የሚያመላልሰውን የአውቶቡስ ሾፌር፣ ታውቂዋለሽ። እሑድ ከቀትር በኋላ ባርኔጣውን አውልቆ ግቢያችን ገባ። እኔ በረንዳ ላይ ጠመንጃውን ዘይት እቀባለሁ። እጄን በሁለት እጁ ያዘና "እግዜር ያጽናህ ራጋ፣ ነፍሷን ይማር፣ ዘግይቼ ነው የሰማሁት" አለኝ።

"የማንን ነፍስ?" አልኩት።

"የእናትህን ነዋ፣ የሳቭካን። ስሚልያ የካቲት ላይ ጥቁር ለብሳ አልነበር? የሥራ ጓደኞቿ አዋጥተው አበባ ገዙላት፣ አለቃዋም የሐዘን ፈቃድ ሰጣት። ሄርበርት የሚሉት ሰውዬ ደግሞ ሐይቅ ዳር ወስዶ ሲያጽናናት ሰነበተ አሉ።"

መስኮቱ ክፍት ነበር። አልጋዋ የት እንዳለ ታውቂያለሽ።

"ማን ነው የሞተው?" አለች እማ ከውስጥ።

ክርስታ መስኮቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ባርኔጣውን አደረገና መልሶ አወለቀው። "ማንም አልሞተም ሳቭካ" አላት። "እንግዲያስ ግባና አረቄ ይቅዳልህ" አለችው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ጠጣ። እሷ ምን ብላ የጠየቀችው ይመስልሻል? "በአርባዬ ምን አበላች? ንፍሮው በስሎ ነበር?" አለችው። "እኔ አልነበርኩም" አላት ምስኪኑ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

እሱ ከሄደ በኋላ ሾርባውን መለሰችው። ሲመሻሽ "ምን ትጠብቃለህ፣ ተኩስ እንጂ" አለችኝ። ያንቺን ሹል ጥይት አጎረስኩና ተኮስኩ። ባለ ሱቁ አልዋሸሽም። ሦስቱንም ሳሙና ዘልቆ በሦስተኛው ጀርባ ወጥቷል። ግድግዳው እንዳይቆስል ከሦስተኛው ጀርባ አንድ ነገር አቁሜ ነበር። ምን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ታጥባ ለተቀበረች ሴት የማይጠቅም ነገር ነው። እርሳሱን ፈልጌ አጣሁት፣ የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይሆናል።

"ስንት አለፈ?" አለች።

"ሦስት።"

"የሷ ጥይት ነው?"

"የሷ ነው።"

በሩን ዝጋ ሳትለኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"በመከር" ያልኳት ጊዜ ፊቷ ምን እንደሚመስል ጠይቀሽኝ ነበር። ያኔ ደስ ብሏት ነበር። የዛሬውን አትጠይቂኝ።

ራዲቮይ

× (ብዕሩን ስሰጣት "የሞተ ሰው ይፈርማል እንዴ?" አለች። ከዚያ ፈረመች።)


ሊንዝ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1986

ራጋ፣

ደብዳቤህን የልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው ያነበብኩት፣ ማሽኖቹ እየጮኹ፤ ስለዚህ ማንም አልሰማኝም።

አዎ፣ ብያለሁ። ሞታለች ብያለሁ። እዚህ ያለ ሞት ፈቃድ የለም፣ እኔ ደግሞ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቀን ከዚህ እንፋሎት ወጥቼ አላውቅም። ሄርበርት ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ቤተሰብ አለሽ ወይ ሲለኝ ምን ልበለው? አልጋ ላይ የተኛች፣ ባልዲዋን የሚደፋላት ሰው የምትጠብቅ እናት አለችኝ ብዬ? እንደዚያ ያለችውን ማን ያገባታል? አንተንስ ማን አገባህ? ዳኒትሳ ለምን ቀለበቷን ጠረጴዛ ላይ ጥላልህ እንደሄደች ረሳኸው? በቀለበታችሁ ድግስ የእማን ባልዲ ይዘህ በመሐላቸው ስታልፍ እንግዶቹ አፍንጫቸውን ሲይዙ አይታ አይደል? እኔ ያን ቀን እዚያው ነበርኩ። እንዳንተ እንዳልሆን ብዬ ነው የሸሸሁት።

ይህን ጽፌ ልቀደው ነበር። አልቀደድኩትም። አንተም አልቀደድክልኝም።

አሁን ያለሁበትን ግን ስማ። እናት አንዴ ነው የምትሞተው። ፈቃዱን በልቼዋለሁ። ነገ የምሯን ብትሞት ለማን ምን ብዬ ነው የምነሳው? አለቃዬ "ስንት እናት አለሽ?" አይለኝም? ስለዚህ እባክህን አቆይልኝ። በመከር፣ ለቅዱስ ዲሚትሪ፣ ጥርሴን ልታከም ነው ብዬ እመጣለሁ። እስከዚያ ሾርባውን እምቢ ካለች በማንኪያ ስጣት፣ የፕሪም ዳቦ ትወዳለች፣ ፔርካን ለምናት ትጋግርላት። እኔ ደግሞ የሌሊት ልብስ ገዝቼ አመጣላታለሁ።

ሁለት ነገር ንገረኝ። "ስሚልያ አታጥበኝ" ብላለች ወይ? ከሦስተኛው ሳሙና ጀርባ ያቆምከውስ ምንድን ነው? የማስበው ከሆነ እጅህ ይቆረጥ።

ጥይት ጨምሬ ልኬልሃለሁ። በሷ ፈንታ ተቆጣኝ፣ አንተ ተቆጣኝ፣ ብቻ ለሷ ጥሩ ጥሩውን አንብብላት። ያልጻፍኩትንም ጨምረህ አንብብላት።

ስሚልያ


ቬልያ ባራ፣ መስከረም 14 ቀን 1986

ስሚልያ፣

መልስ ዘገየ። መጀመሪያ ስንዴው ነበር፣ ቀጥሎ ፕሪሙ፣ በመሐሉም ሌላ ሥራ ገጠመኝ።

እማ እንዴት ናት ትያለሽ። የሚያማት ነገር የለም። ብርዱም አያስቸግራትም፣ ስለ በሩ ከእንግዲህ አትነዘንዘኝም። የሌሊት ልብሱን አትግዢ፣ የምትለብሰው አላት። ፔርካ መጥታ አግዛኛለች። እጇ እማ የምትለውን ያህል ሻካራ አይደለም።

"ስሚልያ አታጥበኝ" ብላለች ወይ ላልሽው፣ አላለችም። አንድም ቀን አላለችም።

ስለ ሳሙናው፣ ጨርቁም ክሩም እንደነበረ ነበር። እኔ ያየሁት ይህን ነው።

ጥይት አትላኪ። ስቴቫን መጠጥ ቤቱ ውስጥ ሰው ፊት አሸንፌዋለሁ፤ ሁለት ተኩል ላይ ቆመበት። አረቄ ጋበዘኝ፣ ጣዕሙ ግን አልታወቀኝም። አሁን የምለካው ነገር የለኝም።

ራዲቮይ


ሊንዝ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1986

ወንድም ዓለሜ፣

ትኬት ቆርጫለሁ! ለቅዱስ ዲሚትሪ ዋዜማ በክርስታ አውቶቡስ እደርሳለሁ። ክርስታ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ፣ ትኬቱን ግን ሸጠልኝ። አለቃዬን ጥርሴ ነው አልኩት፤ አፌን አስከፍቶ ሊያይ ምንም አልቀረው። ለሄርበርትም ያው ጥርሴን ነው የነገርኩት። ስመለስ እውነቱን እነግረዋለሁ። ወይ ይዘልቃል ወይ ይቀራል።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። አጭር ነው። ከታች የእማ ምልክት የለበትም፤ ረስተኸው ነው፣ ወይ ተኝታ ነበር። ቁጣዋ ካልበረደ ደግሞ አልፈርድባትም። ፔርካ ምን ልትሠራ ቤታችን ትመላለሳለች? ዳቦውን ልትጋግር ነው አይደል? "ከእንግዲህ አትነዘንዘኝም" ያልከውን እየሳቅኩ ነው ያነበብኩት፤ እማና ዝምታ መቼ ተዋውቀው ያውቃሉ?

አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ ከነገርካት አትቆጣም። ያንን ሳሙና ለምን ሞቷን እስክንጠብቅ እናስቀምጠዋለን? በሕይወት እያለች አጥባታለሁ። ውሃውን ራሴ አሞቃለሁ፣ አንተ ከበር ውጭ ትሆናለህ፣ ፀጉሯን፣ ጀርባዋን፣ እነዚያን ሞኝ እግሮቿን ሁሉ አጥባለሁ፤ እሷም ከላይ ሆና ትሰድበኛለች። ላቬንደሩን ታሸተዋለች። ሰው የራሱን ሳሙና ሽታ ሳያውቅ ለምን ይሄዳል?

የሌሊት ልብሱን ገዝቻለሁ። ሰማያዊ ነው። እንዳትነግራት።

ስሚልያህ


ቬልያ ባራ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1986

ስሚልያ፣

ከመሳፈርሽ በፊት ይድረስሽ ብዬ በአስቸኳይ ነው የላክሁት።

እማ የሞተችው በፍልሰታ ዋዜማ ነው። ነሐሴ ላይ። አርባዋም አልፏል። ንፍሮውን ፔርካ ቀቀለችው፣ በደንብ በስሎ ነበር፤ እማ ብትጠይቅ ኖሮ ይህን እነግራት ነበር።

ለምን አልጻፍክልኝም ትይኛለሽ። በመጨረሻዋ ቀን ወረቀት ላመጣ ብድግ ስል እጄን ያዘችኝና "ለስሚልያ አትጻፍላት። አንዴ ቀብራኛለች፣ ሁለቴ አታድክማት" አለችኝ። ተናዳ ይሁን አዝናልሽ እኔ አላወቅሁም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። አንቺ ወስኚ፣ ስለሷ መወሰን ታውቂበታለሽ። እኔ ደግሞ እሺ አልኳት። ቃሏን ለመጠበቅ ብቻ እሺ ያልኩ አይምሰልሽ። አንቺ ሳትሞት የሞተች እንዳደረግሻት፣ እኔም ሞታ ሳለች በሕይወት ያለች አድርጌ ላቆይልሽ ፈለግሁ። "በማንኪያ ስጣት" ያልሽበትን የድሮ ደብዳቤሽን እያወጣሁ ሳነበው ደስ ይለኝ ነበር። ሰማያዊ ልብስ ገዛሁ ያልሽበት ሲደርስ ግን ደስታው አለቀብኝ።

ቀሪውንም ልንገርሽ፣ ከሌላ ከምትሰሚው።

ከሦስተኛው ጀርባ ያቆምኩት ያንን ነው። ያሰብሽውን። ክርስታ የመጣ ቀን ንዴቴ ጭንቅላቴ ላይ ወጥቶ "ለታጠበች ሴት ሳሙና ምን ያደርጋል?" ብዬ ከቁም ሣጥኑ አወጣሁት። ልመታው አልነበረም። ሦስት ሳሙና አልፎ የሚደርስ ጥይት አይቼ አላውቅም ነበር። ካለፈም ጉልበቱ አልቆ ይወድቃል ነው ያልኩት። ጨርቁን አገላብጬ አየሁ፣ ቀዳዳው እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ኖሮ አልታየኝም። መለስኩት።

ስትሞት እኔ እንደ ወጉ ወጥቼ በሩ ተዘጋ። ፔርካ ክሩን ፈትታ፣ ሳሙናውን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ማጠብ ጀመረች። ጥቂት ቆይታ በሩን ከፈተችና መዳፌ ላይ አንድ ነገር አስቀመጠች። "ቆዳዋን ጫረብኝ። ከሞራው ጋር የቀረ አጥንት መስሎኝ ነበር። ይሄ ያንተ ነው መሰለኝ" አለች። ከዚያ ሳሙናውን ገልብጣ በሌላው ወገን ማጠቧን ቀጠለች፤ ሌላ ሳሙና አልነበረም፣ የቆጡን ሁሉ እኔ ጨርሼዋለሁ።

ፔርካ ተሳስታለች፣ የኔ አይደለም። አፉ ሹል ነው። ከደብዳቤው ጋር አለ፣ እንዳይወድቅብሽ ቀስ ብለሽ ክፈቺው። እማ "ስንት አለፈ?" ስትለኝ ሦስት ብዬ ዋሽቻታለሁ። አራት ነው።

ከፈለግሽ ነይ። አልጋው ባዶ ነው፣ ሁለቱም በሮች ተዘግተዋል።

ራዲቮይ


ሊንዝ፣ ኅዳር 10 ቀን 1986

ራጋ፣

ደርሶኛል። አልወደቀብኝም።

አልመጣሁም። የማጥበው የለኝም። ክርስታ የትኬቱን ገንዘብ ሲመልስልኝ "ምን ነካሽ?" አለኝ፣ አንተ አልነገርከውም ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ፔርካን ጠይቅልኝ። የትኛውን ጎኗን ነው የጫረው? ከቀኝ ትከሻ ነው የሚጀመረው፣ እማ እንደዚያ ነው ያስተማረችኝ፤ ግን ፔርካ ግራኝ ናት። እወቅና ጻፍልኝ። ሌላ ምንም ባትጽፍልኝ ግድ የለኝም።

እዚህ ለማንም መናገር አልቻልኩም። የሥራ ጓደኞቼ አበባውን የካቲት ላይ ገዝተውልኛል፤ አሁን ምን ብዬ እንደገና ላልቅስባቸው? ጥቁሩን ልብስ አውጥቼ ለበስኩት፣ ሄርበርት "ይህማ አልፎ የለም ወይ፣ ሰማያዊውን ልበሽ" አለኝ። ለእማ የገዛሁትን ከመሳቢያው አግኝቶት ለሱ ብዬ የገዛሁት መስሎታል። ለበስኩለት።

ለጥርስ ብዬ የወሰድኩት ፈቃድ ነበር። ሐኪሙ አፌን አይቶ የታመመ ጥርስ የለሽም አለኝ። ይነቀል አልኩት፤ አልነቅልም ሲለኝ እየጮኽኩ ለመንኩት፣ በመጨረሻ ደህናውን ነቀለው። አሁን ሄርበርት ለምን እንደማለቅስ ሲጠይቀኝ አፌን ከፍቼ አሳየዋለሁ። አይዞሽ፣ ይድናል ይለኛል።

ስሚልያ